ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም

ቁይ ላይ የቆመ መኪና አዲስ አበባ ላይ እንደቆመ መኪና አይደለም። በዚህች የደባይ ጥላትግን ከተማ እጃቸው የተፈታ መካኒኮች አሉ፤ የተፈለገው መለዋወጫ ግን ብዙ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ፣ እዚያ ከታጣም ከመርካቶው ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ ተጭኖ መምጣት አለበት። ዕቃው ተጠብቆ፣ ተገጥሞ፣ መኪናው አሁንም አልነሳም ካለ የባከነው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። እህሉ ከገበያው ይቀራል፤ በሽተኛው ከቀጠሮው። እንዲህ በግምት ተገዝተው ከሚገጠሙት ዕቃዎች አንዱ የክራንክ ሴንሰር ነው። ሳይበላሽ ይቀየራል፤ ተበላሽቶ ደግሞ ሌላ ዕቃ በእሱ ፈንታ ይቀየራል።

ክራንክ ሻፍት የፒስቶኖችን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ዘንግ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ቤንዚኑ መቼ እንደሚረጭ፣ ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ ለመወሰን ዘንጉ በዚያች ቅጽበት የት እንደደረሰ ማወቅ አለበት። ይህን የሚነግሩት ከዘንጉ ጋር የሚዞር ጥርሳም ብረትና አጠገቡ ሳይነካው የተተከለው ሴንሰር ናቸው። በአንዳንድ ቪትዝና ኮሮላ ላይ በሚገኘው የቶዮታ 1ኤንዜድ ሞተር ብረቱ ለ36 ጥርስ ተከፋፍሎ ሁለቱ ሆን ተብለው ተዘልለዋል። በቀሩት 34 ጥርሶች ኮምፒውተሩ በየ10 ዲግሪው ይቆጥራል፤ ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ቆጠራውን ከመነሻው ይጀምራል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ከሴንሰሩ በሰከንድ 1,700 ምልክት ይወጣል። ምልክቱ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ ይመስለዋል፣ ቤንዚኑንም እሳቱንም ይዘጋል።

ነገሩ ለአገራችን መካኒክ እንግዳ አይደለም። በየመንገዱ የሚመላለሰው ባጃጅ ውስጥ ፒክአፕ ኮይል የምትባለው ትንሽ ጥቅልል የዚሁ ሴንሰር የቅርብ ዘመድ ናት፤ ማግኔቱ ባጠገቧ ሲያልፍ እሳቱ የሚሰጥበትን ሰዓት ትጠቁማለች። በመካኒካል ፓምፕ የሚሠሩት የድሮ አይሱዙዎችና ሃይሉክሶች ግን ናፍጣውን የሚረጩት ያለ ኮምፒውተር ስለሆነ የክራንክ ሴንሰር አላስፈለጋቸውም። በእነሱ ላይ ያደገ ሾፌር አንዲት አውራ ጣት የምታህል ፕላስቲክ መኪና ታቆማለች ሲባል ለማመን ቢቸገር አይፈረድበትም። እንደ ቶዮታ 2ኬዲ ያሉት በኮምፒውተር የሚታዘዙ የኮመን ሬል ናፍጣ ሞተሮች ከመጡ ወዲህ ግን ናፍጣም ከቤንዚን እኩል ሆኗል።

ሴንሰሩ ሁለት ዋና ዓይነት አለው። ባለ ሁለት ሽቦው ማግኔትና የመዳብ ጥቅልል ነው፤ ኤሌክትሪኩን ራሱ ያመነጫል፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ደግሞ ምልክቱ ይደክማል። ባትሪው የደከመ መኪና የሴንሰር ብልሽት ያለበት የሚመስለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ባለ ሦስት ሽቦው፣ ሆል የሚባለው፣ ኃይል ከውጭ ተቀብሎ ምልክቱን የሚያበራና የሚያጠፋ ነው። ዓይነቱን ሳይለዩ መለካት አይገባም፤ በሆል ሴንሰር ላይ በኦም መለካት ምንም አይነግርም፣ ሊያበላሸውም ይችላል።

ብልሽቱ ሙቀት ይወዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ደጀን የወጣ ሰው ያውቀዋል፦ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ተወርዶ፣ ያው ከፍታ በከባድ ማርሽ መልሶ ይወጣል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲግል በጥቅልሉ ውስጥ ያለች የፀጉር ያህል ስንጥቅ ትከፈትና መኪናው ድንገት ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ሾፌሩ «ደክሞት ነው» ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ብዙ ገንዘብ ያድናል። መኪናው በማርሽ ላይ ሆኖ ገና እየተንከባለለ የዙር መለኪያው ቀስት በአንዴ ዜሮ ላይ ከወደቀ ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩ ነው፤ መኪናው እየተንገጫገጨ፣ እየደከመ ከጠፋ ግን ነዳጁን ማየት ይቀድማል።

አንድ ቀን ቁይ ውስጥ አንዲት ቪትዝ ቆማ ነበር። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ባለቤቱ ከኋላ ወንበር ሥር ጆሮውን አስጠግቶ የነዳጅ ፓምፑን ድምፅ ሲያጣ ፓምፕ ለማዘዝ ስልኩን አወጣ። ወጣቱ መካኒክ «ጋሼ፣ ቆይ አይዘዙ፤ አንዴ ያዙሩልኝ» አለው። በስልኩ ላይ ባለችው ስካነር የሞተሩን ዙር እያየ ነበር። ሞተሪኖ በደህና ባትሪ ሲያዞር ቁጥሩ 200 አካባቢ መሆን ነበረበት፤ ዜሮ ነው። ፓምፑ ዝም ያለው ስለሞተ አልነበረም። በእነዚህ ቶዮታዎች ኮምፒውተሩ የፓምፑን ሪሌ የሚያበራው የክራንክ ምልክት ሲያገኝ ስለሆነ፣ ምልክት ሲጠፋ ፓምፑም ዝም ይላል። ከዚህ ርዕስ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ኮድስ? የታወቀው ፒ0335 ነው፤ በየጊዜው ለሚቆራረጥ ምልክት ፒ0339 አለ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ መስመሩ ነው፦ ሴንሰሩ፣ ሶኬቱ፣ ሽቦው፣ አንዳንዴም ኮምፒውተሩ ራሱ። ኮዱን አንብቦ ሴንሰር ግዛ ማለት ምርመራ አይባልም። በዚያ ላይ ብዙ መኪና ኮዱን ሳይመዘግብ የሚቆምበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ከኮዱ ይልቅ በሚዞርበት ጊዜ የሚታየውን የዙር ቁጥር አምናለሁ።

ቀጥሎ መለካት ነው። ለ1ኤንዜድ ሴንሰር የቶዮታ የጥገና መመሪያ በቀዝቃዛውና በሙቁ የሚፈቀደውን የኦም ልክ ለየብቻ ይሰጣል፤ የሙቁ ከፍ ያለ ነው። የጋለ መዳብ ኤሌክትሪኩን ይበልጥ ስለሚቋቋም ቁጥሩ መጨመሩ ጤና ነው። ያ ወጣት ሴንሰሩን ፈትቶ በስስ ፌስታል ጠቀለለው፣ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፍ አስያዘና ለቡና ከተጣደው ጀበና ሙቅ ውሃ በኩባያ አስቀድቶ ነከረው። 2,010 ነበር፤ 2,100፣ 2,250 እያለ ወጣ፣ 2,400ን አልፎ ረጋ። ስንጥቅ ቢኖር ኖሮ መሃል ላይ ቁጥሩ ይጠፋ ነበር። ሴንሰሩ ደህና ነው። ተመልሶ ሽቦውን ተከተለ፤ ከሶኬቱ አንድ ስንዝር ርቆ የአይጥ ጥርስ አገኘ።

አይጥ ከጎተራ አጠገብ የሚያድር መኪና ጠላት ነው። በግፊት ውሃ የታጠበ ሞተር፣ ዝገት የበላው የማሳ (የኔጋቲቭ) ግንኙነት፣ አላርም ሲገጠም ተቆርጦ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ሽቦም ያንኑ ምልክት ያጠፋሉ። የሴንሰሩ ጫፍ ማግኔት ስለሆነ የብረት ብናኝ ይሰበስባል፤ አንዳንዴ ፈትቶ በጨርቅ መጥረግ ብቻ ይበቃል። ሁሉም ተፈትሾ መቀየር ግድ ከሆነ በመኪናው ስም ሳይሆን በአሮጌው ላይ ባለው ቁጥር ይታዘዝ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ቪትዞች የተለያየ ሞተር ሊኖራቸው ይችላል። በርካሽ የተገዛ አስመሳይ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራና ሲግል ይከዳል፤ ለዳገት አገር ከዚህ የከፋ የለም። ጨርሶ ካልመጣ ዕቃ ይልቅ መጥቶ መንገድ ላይ የሚያስቀር ዕቃ ያስቆጣኛል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ይህ ሁሉ እውቀት ዘመኑ አለፈ የሚሉ አሉ። ግን በኤሌክትሪክ መኪናውም ሞተር ውስጥ ሪዞልቨር የሚባል መሣሪያ ዘንጉ የት እንደደረሰ ይነግራል፤ እሱም የመዳብ ጥቅልል ነው፣ እሱም በኦም ይለካል። የገቡት ቪትዞችና አይሱዙዎችም ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ።

የቪትዟ ሽቦ ተበይዶ፣ በሙቀት በሚኮማተር ጎማ ተሸፍኖ ተዘጋ። ሲያዞሩት ስካነሩ ላይ 210 ታየ፣ ፓምፑ ድምፁን አሰማ፣ ሞተሩ ተነሳ። መካኒኩ ግን ቁልፉን ወዲያው አልሰጠም። ኮዱን አጠፋ፣ ሞተሩ በደንብ እስኪግል በዳገት ነድቶ ተመለሰ፣ አጥፍቶ በግለቱ ደግሞ አስነሳው፣ ስካነሩንም እንደገና አየ። ኮድ የለም። ያኔ ሂሳቡን ጠየቀ።