ያልገባው ግብ ባለቤት

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ያገቧቸውን ሁለቱን ግቦች ያን ቀን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የከፈተ ሁሉ ዛሬም ይተርካቸዋል። ስለ ዜሮው ግን ብዙም አይወራም። ሂሳቡን እንየው። ቡድናችን ከአምስት ሳምንት በፊት ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ ነበር። በድምር ውጤት 5 ለ 5 ወጥተን፣ ከሜዳው ውጪ ብዙ ያገባ ያልፋል በሚለው ደንብ ነው ያለፍነው። ሱዳን በዚያን ዕለት አንዲት ግብ ብታገባ ኖሮ ጨዋታውን 2 ለ 1 አሸንፈንም ውድድሩ ወደሚካሄድባት ደቡብ አፍሪካ የምትሄደው እሷ ነበረች። ሁለቱን ግቦች ዋጋ እንዲኖራቸው ያደረገው ያልገባው ግብ ነው።

ያልገባ ግብ ባለቤት አለው፤ ተከላካይ ይባላል። ሆኖም የእኛ የእግር ኳስ ትዝታ ለእሱ ቦታ አላበጀለትም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ ያገቡት ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ መሆናቸውን የሚያውቅ ብዙ ነው። ከኋላ የነበሩትን ክፍሎም አርአያንና አዋድ መሐመድን የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። በ2005ቱ ቡድንም አምበሉ ደጉ ደበበ፣ አይናለም ኃይሉ፣ ስዩም ተስፋዬና አበባው ቡታቆ ስማቸው የሚነሳው አጥቂዎቹ ተወድሰው ካበቁ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ የመሐል ተከላካይን ያስተዋውቃል፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚሠራና ለቡድኑ ምን ያህል እንደሚያወጣ።

ሕግ የወለደው ቦታ

የመሐል ተከላካይ ከጨዋታው ጋር አብሮ አልተፈጠረም። እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ድረስ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ እንዳይባል ኳስ በሚሻገርለት ቅጽበት በእሱና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች መኖር ነበረባቸው። በዚያ ዓመት ቁጥሩ ወደ ሁለት ወረደ። ለአጥቂዎች በሩ ወለል አለ፤ በእንግሊዝ ሊግ በአንድ የውድድር ዘመን የሚቆጠረው ግብ ከ4,700 ወደ 6,373 ዘለለ። የአርሰናሉ አሰልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን መላ ዘየዱ። ከመሐል ሜዳ አንድ ተጫዋች ወደ ኋላ ስበው በሁለቱ ተከላካዮች መካከል አቆሙት። ማልያ ላይ ቁጥር መጻፍ በኋላ ሲመጣ 5 ቁጥር ለዚያ ሰው ቦታ ተሰጠ፤ ቁጥሩ እስከ ዛሬ ከመሐል ተከላካይ ጋር የሚያያዘው ለዚህ ነው። በኋላ አራት ተከላካዮች በአንድ መስመር የሚሰለፉበት አሰላለፍ ሲስፋፋ ብቸኛው ሰው ጓደኛ አገኘ፤ የመሐል ተከላካዮች ሁለት ሆኑ።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ በ1992 እ.ኤ.አ. መጣ። ግብ ጠባቂ ከራሱ ተጫዋች በእግር የተሰጠውን ኳስ በእጅ እንዳይዝ ተከለከለ። ከዚያ በፊት ተከላካይ ሲጨንቀው ኳሷን ወደ ግብ ጠባቂው መልሶ ይገላገል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በጫና ውስጥ ኳስ ተቀብሎ፣ ዞሮ፣ አማካዩን ፈልጎ ማቀበል ግዴታው ሆነ። ዛሬ ማጥቃት የሚጀመረው ከእሱ እግር ነው።

ምን ይሠራል?

ተመልካች ለተከላካይ የሚያጨበጭበው ብዙውን ጊዜ ሸርታቴ ወርዶ ኳስ ሲነጥቅ ነው። ሸርታቴ ግን የመጨረሻው መድን ነው፤ ተከላካዩ ዘግይቶ ደርሷል ወይም አጥቂው ጥሎት አልፏል ማለት ነው። ጎበዙ ቀድሞ ደርሶ በእግሩ እንደቆመ ይጠብቃል። ኳሱ ለአጥቂው ሳይሻገር መንገዱን ይዘጋል፤ አቀባዩ ተስፋ ቆርጦ ወደ ጎን ይሰጣል፤ ስታዲየሙም ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፈዋል። የሥራው ምርጥ ክፍል ለዓይን የማይታየው ክፍል ነው።

ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ሲቀድም ወይም ሲዘገይ ፈሩ ይጣመማል። አንዱ አጥቂውን ለመጋፈጥ ሲወጣ ሌላው ከኋላው ይሸፍናል። ከጨዋታ ውጪ ወጥመድ ሲዘረጋ አራቱም ተከላካዮች በአንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ አንድ ሰው ግማሽ እርምጃ ቢቀር የተጋጣሚውን አጥቂዎች በሙሉ ነፃ ያወጣቸዋል። ይህን ቅንጅት የሚመራው ድምፅ ነው። የመሐል ተከላካይ ጨዋታው ሁሉ ከፊቱ ስለሚካሄድ ሌሎች በጀርባቸው ያለውን አያዩም፣ እሱ ያያል። «ውጣ»፣ «ያዘው»፣ «ሰው አለ ከኋላህ» እያለ ሲጮህ የሚውለው ለዚህ ነው። የአምበልነት ጨርቅ ብዙ ጊዜ እሱ ክንድ ላይ የሚገኝበት ምክንያትም ይኸው ነው።

አየር ላይ ያለው ትግል ደግሞ የተለየ ትምህርት ነው። የማዕዘን ምት ሲሻማ በግንባር መግጨት የቁመት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኳሱ የት እንደሚወርድ ከአጥቂው ቀድሞ መገመት፣ ሰውነትን በመካከል ማስገባት፣ ገፍቶ ፍፁም ቅጣት ምት ሳያሰጥ መዝለል ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይወሰናል።

አዳማ፣ ነፋስና ሙቀት

ለዚህ ሙያ አዳማ ጥሩ የፈተና ሜዳ ናት። ከተማዋ ነፋሻ ናት፤ አካባቢዋ ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አንደኛው 51 ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው፣ ለዚህ ምስክር ናቸው። ለተከላካይ ነፋስ ማለት ረጅም ኳስ ማለት ነው። ከነፋሱ ጋር የተለጋ ኳስ ከተገመተው በላይ ሄዶ ከተከላካዩ አናት በላይ ያልፋል፤ ከነፋሱ ጋር ሲጋጭ ደግሞ አየር ላይ ቆሞ ከፊቱ ይወድቃል። ስለዚህ ተከላካዩ ከዕረፍት በፊትና በኋላ የሚቆምበት ርቀት አንድ ሊሆን አይችልም። ነፋሱ ከጀርባው ሲሆን ወደ ፊት ይጠጋል፣ ፊት ለፊት ሲመጣበት ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ይህን ሳያስተካክል የሚጫወት ተከላካይ የቱንም ያህል ቢሮጥ አይደርስም።

ሙቀቱም አለ። አዳማ ከአዲስ አበባ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። አጥቂ ሲደክመው መቼ እንደሚሮጥ ይመርጣል፤ ተከላካይ ይህ ምርጫ የለውም፣ የሚሮጠው አጥቂው ሲሮጥ ነው። በ85ኛው ደቂቃ ላብ ዓይኑን እያቃጠለው ትኩረቱን ሳይለቅ መቆየት ከጉልበቱ ይልቅ የአእምሮው ፈተና ነው።

የፕሪሚየር ሊጉ ውድድሮች በተመረጡ ከተሞች እየተካሄዱ በቴሌቪዥን መተላለፍ ከጀመሩ ወዲህ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከአስተናጋጆቹ አንዱ ሆኗል። ስለዚህ የከተማዋ ሰው የራሱን አዳማ ከተማን ብቻ ሳይሆን የሊጉን ተከላካዮች ሁሉ በዓይኑ የማየት ዕድል አግኝቷል። ኳስ በዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ወንጂ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካ ያቆመባት ከተማ ናት። ወንጂ ስኳርና መተሐራ ስኳር በፋብሪካቸው ስም የተጠሩ ቡድኖች ነበሩ። ሻሸመኔም በ2016 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውታለች።

ከአዳማ ከተማ ማልያ ውስጥ ያለፉ ሁለት ተጫዋቾችን እናስተያይ። ዳዋ ሆቴሳ በ2014 ዓ.ም. በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ አስተናጋጇ ላይ በ4ኛው ደቂቃ ያገባውን ግብ አገር ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ይገባዋልም። ቀደም ሲል በአዳማ የተጫወተው የቀኝ መስመር ተከላካይ ሱሌማን ሐሚድም በዚያው ስብስብ ውስጥ ነበር። ስሙን ስንቱ ያነሳዋል?

ሲኖርና ሲጎድል

የተከላካይ ዋጋ በግልጽ የሚታየው ሲጎድል ነው። በዚያው ውድድር ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስንጫወት የመሐል ተከላካዩ ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ። ቡድኑ ቀሪውን ጨዋታ በአስር ሰው ተጫውቶ፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል በተቆጠረች አንዲት ግብ ተሸነፈ። ሁሉም መስመር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ አጥቂዎቻችን ከተጋጣሚ ግብ ራቁ፤ አማካዮቻችን ማጥቃቱን ትተው ጉድጓዱን ደፋኝ ሆኑ። አንድ የመሐል ተከላካይ ሲጎድል የሚጎዳው የኋላ መስመሩ ብቻ አይደለም።

ስለ ያሬድ ግን በዚያች ቀን ብቻ መፍረድ ግፍ ነው። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫውን ያነሳው ግን ያሬድ በአምበልነት የመራው ፋሲል ከነማ ነው፤ ቡና ሁለተኛ ወጣ። በሊጉ ታሪክ በአንድ የውድድር ዘመን ብዙ ያገባ አጥቂ ይዞም ዋንጫ ሊያመልጥ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ነገሩ ከነጥብ አሰጣጡ ይጀምራል። አንድ ግብ ያገባ ቡድን ሊያሸንፍ፣ አቻ ሊወጣ ወይም ሊሸነፍ ይችላል፤ ዋስትና የለውም። መረቡን ያላስደፈረ ቡድን ግን ቢያንስ አንድ ነጥብ በኪሱ ነው፤ አንዲት ግብ ካከለባት ሦስት ይሆንለታል። ግብ እምብዛም በማይበዛበት ሊግ ውስጥ በየሳምንቱ ዜሮውን የሚጠብቅ ተከላካይ ደረጃ ሰንጠረዡን ከታች ይደግፈዋል። ላለመውረድ ለሚታገል ክለብ ደግሞ ይህ የህልውና ጉዳይ ነው።

ዓለም እንዴት ይከፍለዋል?

ሊቨርፑል በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ለሆላንዳዊው ቨርጂል ቫን ዳይክ 75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲከፍል ለተከላካይ ይህን ያህል ይወጣል ወይ ተብሎ ነበር። በ2017/18 በሊጉ 38 ግብ የተቆጠረበት ቡድን፣ በቀጣዩ ዓመት አዲሱ ግብ ጠባቂ አሊሰን ተጨምሮበት፣ የተቆጠረበት 22 ብቻ ነው። በ2019 የአውሮፓ፣ በ2020 ደግሞ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ቢሆንም የባሎን ዶርን ሽልማት ከተከላካዮች ያሸነፉት ፍራንዝ ቤከንባወር፣ ማትያስ ሳመርና ፋቢዮ ካናቫሮ ብቻ ናቸው። ቫን ዳይክ ራሱ በ2019 በሊዮኔል ሜሲ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጥቷል።

ከዚህ የተለየ ታሪክ ያለው ኳስ በእጅ በሚወረወርበት የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። እዚያ ጨዋታው ከባላንጣ ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጦ ይጀመራል፤ የተከላካዩ ቡድን የፊት መስመር ሰው ሥራም ግዙፎቹን ጥሶ ኳስ ወርዋሪውን ሳይወረውር መጣል ነው። ሊጋቸው ይህን ጥሎ ማቆም ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ ይቆጥረዋል። ተቆጠረ፣ በጋዜጣ ወጣ፣ ክብረ ወሰን ተያዘለት፣ ዋጋው ወጣ። የክሊቭላንድ ብራውንስ ተከላካይ ማይልስ ጋሬት በ2025 እ.ኤ.አ. በዓመት በአማካይ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል ፈርሟል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የተቆጠረ ሥራ ይከበራል፣ ያልተቆጠረ ይረሳል።

የእኛ ክለቦችና ፌዴሬሽን በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲስማሙ ጣሪያው ለአጥቂም ለተከላካይም አንድ ነበር። ወረቀቱ እኩል አድርጓቸዋል። የሚቀረው ዓይናችን እኩል እንዲያያቸው ማድረግ ነው።

ከየት እንጀምር?

ከታዳጊ ፕሮጀክቶች እንጀምር። በየሰፈሩ ሜዳ ጎበዙ አጥቂ ይሆናል፤ ኳስ የማይችለው ወይም ዘግይቶ የመጣው ወደ ኋላ ይላካል። በዚህ መንገድ ተከላካይነት ከልጅነት ጀምሮ እንደ ቅጣት ይታያል። አሰልጣኞች አስተዋዩን፣ ተናጋሪውንና ደፋሩን ልጅ ለይተው ለቦታው ቢያጩት፣ ከነፋሱ ጋር ኳስ መገመትን እንደ አንድ ትምህርት ቢያስተምሩት፣ ስምጥ ሸለቆ ለብሔራዊ ቡድናችን የኋላ መስመር መፍለቂያ መሆን ትችላለች።

ክለቦችም ይቁጠሩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል፤ ተከላካዩ ያቋረጠው ኳስ፣ ያሸነፈው የአየር ኳስ፣ በትክክል ያቀበለው፣ እሱ ሲኖርና ሳይኖር የተቆጠረባቸው ግብ። ዜሮ የአንድ ሰው ሥራ እንዳልሆነ እውነት ነው፤ ግብ ጠባቂውና አማካዩም ድርሻ አላቸው። ግን አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ሲመዘገብ የማን እጅ እንዳለበት ይታወቃል፤ የውል ድርድሩም በወሬ ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል።

ተመልካቹም ድርሻ አለው። በሚቀጥለው ጨዋታ አሥር ደቂቃ ብቻ ኳሷን ትተው የመሐል ተከላካዩን ይከተሉ፤ የት እንደሚቆም፣ ማንን እንደሚጠራ፣ ስንት አደጋ ሳይወለድ እንደሚያስቀር ያያሉ። ያኔ የዓመቱ ተከላካይ ከኮከብ ግብ አግቢው እኩል በክብር ይሸለም ብለን ስንጠይቅ ለማንም ውለታ መዋል አይሆንም፤ የቆየ ዕዳ መክፈል ነው።