የጋራ ግድግዳ እርጥበትና የልጆች ሳል

ክረምት ሲገባ ሌሊት ሌሊት የሚያስል፣ ሲተነፍስም «ሲር ሲር» የሚል ልጅ ይዘው የሚመጡ ወላጆች ይበዛሉ። አብዛኞቹ «ብርድ መትቶት ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ የልጁ አልጋ ከየትኛው ግድግዳ ጋር እንደተጠጋ እጠይቃለሁ።

ግድግዳው ቀለሙ ተልጦ ጥቁር ነጠብጣብ ካወጣ፣ ክፍሉም የሻጋታ ሽታ ካለው ነገሩን በቀላሉ አይለፉት። ከሻጋታ የሚለቀቁ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች የአየር ቧንቧን ያስቆጣሉ፤ አስምንም ይቀሰቅሳሉ። ልጁ ዘመድ ቤት ሰንብቶ ሳሉ ቀለል ካለው፣ ሲመለስ ደግሞ ካገረሸበት ቤቱን ይጠርጥሩ። ይሁንና ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ሁሉ በግድግዳ የሚሳበብ አይደለም፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው እርጥቡን ግድግዳ በቀለም ይሸፍነዋል ወይም በሲሚንቶ ይለስነዋል። በጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል እንጂ አያደርቀውም። ከጎረቤት በኩል የተሰበረ አሸንዳ ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ፣ አፈር ከእርስዎ ወለል በላይ ተቆልሎ ከሆነ ወይም የልብስ እጣቢ እዚያው የሚደፋ ከሆነ፣ ከዚህ ወገን የሚደረገው ጥገና ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ጎረቤትዎን ከማነጋገርዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይሞክሩ። ግድግዳውን በጨርቅ አድርቀው የፌስታል ቁራጭ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉበት። ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ ከፌስታሉ ጀርባ ጤዛ ካገኙ ውኃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ጤዛው ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ መስኮት ዘግቶ ከማብሰልና ልብስ ከማስጣት የመጣ የራስዎ ቤት እንፋሎት ነው። (ስንት ጠብ በዚህ ይቀር ነበር!)

ጎረቤትዎን ቡና ጠርተው ግድግዳውን ከውስጥ ያሳዩዋቸው። በእርሳቸው በኩል ምንም ስለማይታይ ላያውቁት ይችላሉ። «ግድግዳችንን አበላሻችሁ» ከማለት ስለ ልጁ ሕመም ነግረው የሚፈልጉትን ለይተው ይጠይቁ፤ አሸንዳው እንዲስተካከል፣ አፈሩ እንዲነሳ፣ ሠራተኛ በግቢያቸው ገብቶ እንዲሠራ። ወጪውንም «እንጋራ» ይበሉ። ሥራው ዝናቡ ሲያባራ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ቢሆን ይመረጣል። ካልተስማሙ የእድር ሽማግሌዎች አሉ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባለንብረት ጎረቤቱን የሚጎዳ ተግባር እንዳይፈጽም ይከለክላል፤ እኔ ግን ክሱን የመጨረሻ ባደርገው እመርጣለሁ። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የሚተኛው።

እስከዚያው አልጋውን ከግድግዳው ያርቁ፤ ፀሐይ ሲወጣ መስኮት ይክፈቱ። ሻጋታውን በደረቁ አይፈግፍጉት፤ ልጁን አስወጥተው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው በሳሙና ውኃ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉት። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ሐኪም ያዘዘውን የሚሳብ የአስም መድኃኒት «ግድግዳው ተሠርቷል» ብለው አያቋርጡ። ልጁ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መናገር ወይም መጥባት ካቃተው፣ ከንፈሩም ከጠቆረ ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።