ኔሞን መጨረሻ ላይ ግዙት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ስልካችሁን እየገፋችሁ ስታልፉ፣ ሰማያዊ መብራት ስር የምትወዛወዝ ብርቱካንማ ዓሣ አይታችሁ ጣታችሁ ቆሞ አያውቅም? የኔ ቆሟል። አንድ ቪዲዮ አየሁ፣ ሌላ መጣ፤ ከሳምንት በኋላ ስልኬ ከኳስና ከዓሣ ሌላ የሚያሳየኝ ነገር ጠፋ። ከዚያማ ምን ይጠየቃል? «እኔም ቤት ይኑር» አልኩ።

የማወራው ስለ ጨዋማ ውሃ አኳሪየም ነው። ሆቴልና ምግብ ቤት ውስጥ የምናየው፣ ወርቃማ ዓሣ የሚዋኝበት የተራ ውሃ መስታወት አይደለም። እንደ ኔሞ ያሉ የባሕር ዓሦች የሚኖሩበትን ነው።

ስልኬ ላይ የግዢ ዝርዝር ጻፍኩ። አንደኛ፣ ሁለት ኔሞ። ሁለተኛ፣ ሰማያዊ ኤልኢዲ መብራት። ሦስተኛ፣ የሚያምር መስታወት። አራተኛ፣ ጨው። አምስተኛ፣ «ሌላው ቀስ እያለ»።

ዝርዝሩን ለአክስቴ ልጅ አሳየኋት። እሷ ስድስት ዓመት አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት። የሠራችበት ቤት ሳሎን ውስጥ ትልቅ የባሕር ዓሣ አኳሪየም ነበር፤ ልጆቹን፣ ወጥ ቤቱን፣ ዓሦቹንም የምትይዘው እሷው ነበረች። አንብባ ሳቀች።

«የኔ ወንድም፣ ይሄን ዝርዝር ከታች ወደ ላይ አንብበው» አለችኝ። «‹ሌላው ቀስ እያለ› ያልከው ነው ዓሣውን የሚያኖረው። ዓሣው መጨረሻ ነው የሚገዛው።»

ይህን ያስተማራት መጽሐፍ አይደለም። አንድ ሌሊት ነው።

በጆግ የነጋ ሌሊት

ቤተሰቡ ለእረፍት ሄዷል። እሷ ብቻዋን ናት። ሌሊት ላይ ብትነቃ የለመደችው የፓምፕ ድምፅ የለም። ከአኳሪየሙ የወረደ ጨዋማ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ሶኬት ውስጥ ገብቶ ብሬከሩን አውርዶታል። ብትመልሰው ተመልሶ ይወርዳል። ዓሦቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አየር አጥሯቸዋል።

የፕላስቲክ ጆግ አመጣች። ውሃውን እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈስሰዋለች፤ ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። ክንዷ እስኪዝል፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጠዋት እስኪመጣ ድረስ እንዲሁ ስታደርግ ነጋ። ከአሥራ አንድ ዓሦች ዘጠኙ ተረፉ።

«ሲመለሱ ታዲያ አመሰገኑሽ?» አልኳት።

«የሞቱትን ሁለቱን ቆጠሩ» አለችኝ። «ከደሞዜ ላይ።»

እሷ ያን ሌሊት ያጣችው ውድ ዕቃ አልነበረም። መብራቱም፣ መስታወቱም እዚያው ነበሩ። ያጣችው ገመዱ ከሶኬቱ በታች ወደ መሬት ዘንበል ብሎ እንዲታጠፍ የሚያደርግ ሰው ነው። እንዲያ ቢሆን ውሃው እጥፋቱ ላይ ሲደርስ መሬት ይንጠባጠብ ነበር እንጂ ሶኬት አይገባም ነበር። ሳንቲም የማያስወጣ ነገር! ሌላ ያጣችው ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ነው። እንግዲህ ዝርዝሩን ከታች እንጀምር።

መብራት ሲሄድስ?

አዲስ አበባ ላለን ሰው ይሄ አንደኛው ጥያቄ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ መልሱ ኪሳችን ውስጥ አለ። በስልክ ቻርጀር ገመድ የሚሠሩ ትናንሽ የአየር ፓምፖች አሉ። ፓወር ባንክ ላይ ሰክታችሁ ለሰዓታት ታስነሷቸዋላችሁ። ኢንቨርተር ያለው ሰው ደግሞ ውሃ የሚያንቀሳቅሰውን ፓምፕ ያስቀድም። ማሞቂያው ሊቆይ ይችላል፤ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዝ። አየር ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

ለኛ ከተማ አየሩ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያትም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠች። ሯጮቻችን የሚለማመዱበት ይህ ስስ አየር ወደ ውሃው የሚገባውንም ኦክስጅን ይቀንሰዋል፤ ባሕር ዳርቻ ካለ አኳሪየም ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። ጨዋማና ሞቃት ውሃ ደግሞ በራሱ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ፦ የውሃው ገጽ ሁልጊዜ የሚናወጥ ይሁን፤ ዓሣ አታብዙ።

ውሃውን የሚያናውጠው ፓምፕ ሲመረጥ ማሸጊያው ላይ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚገፋ ተጽፏል። ለዓሣ ብቻ የሚሆን 100 ሊትር አኳሪየም ከሆነ በሰዓት ከ1,000 እስከ 2,000 ሊትር የሚገፋ ይበቃል።

ማሞቂያና ክብደት

የባሕር ዓሦቹ የሚፈልጉት 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የክረምት ሳሎናችን ከዚያ በታች ስለሆነ ማሞቂያ ግድ ነው። ጥቅል ስሌቱ ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ነው። ለ100 ሊትር አንድ ትልቅ ከመግዛት ግን ሁለት ትናንሽ ይሻላል። አንዱ ሳይጠፋ ቢቀር ብቻውን ውሃውን ለማፍላት አቅም አይኖረውም፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል። የተለየ ቴርሞሜትርም ይኑራችሁ። ውሃ ስትቀይሩ ደግሞ መጀመሪያ ማሞቂያውን ንቀሉ፤ ከውሃ ውጪ ሆኖ ከጋለ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ዱባይ ወይም ዶሃ ያላችሁ፣ የእናንተ ችግር ግልባጩ ነው፤ ኤሲ ሲጠፋ ውሃው ይሞቃል። ለእናንተ ማቀዝቀዣ ወይም ውሃው ላይ የሚነፋ ቬንትሌተር ያስፈልጋል።

መስታወቱስ? ጀማሪ ሰው «ትንሽ ልጀምር» ይላል። እኔም ብያለሁ። ግን ትንሽ ውሃ ቶሎ ይበላሻል፤ አንድ ዓሣ ብትሞት ወይም ምግብ ቢበዛ ሁሉንም ይበክለዋል። ከ100 ሊትር ጀምሮ ያለው ለስህተት ጊዜ ይሰጣል። በሌላ በኩል 100 ሊትር የባሕር ውሃ ብቻውን 102 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። መስታወቱ፣ ድንጋዩና አሸዋው ሲጨመር ሁለት ትልልቅ ሰዎች ማለት ነው። የቴሌቪዥን ጠረጴዛችሁ ላይ ሁለት ሰው ቆሞ ይውላል? ካልዋለ መቆሚያ አሠሩ፤ በውሃ ልክ የተስተካከለ ይሁን።

የአፋር ጨው ብንበጠብጥስ?

ይሄን ጥያቄ እኔም ጠይቄአለሁ፤ አትሳቁ። አገራችን ጨው ሞልቷት ለምን ከውጭ?

የዳናክል ሜዳ ድሮ የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የኮራል ቅሪቶች ዛሬም ዳርቻው ላይ፣ በረሃው ውስጥ ቆመው ይታያሉ። ታዲያ የባሕር ጨው ከሆነ ምን ችግር አለው? ችግሩ ባሕር ሲደርቅ ማዕድኖቹ በየተራ መለያየታቸው ነው። አንዱ ቀድሞ ይረጋል፣ ሌላው ይከተላል። በአሞሌ መልክ የሚቆረጠው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ የምግብ ጨው። ማግኒዚየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ፖታሲየሙ በባሕር ውስጥ በነበረው መጠን አብሮት የለም። በውሃ ስለበጠበጥነው ባሕር ሆኖ አይመለስም።

ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይገዛል። መጠኑ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ነው፤ ለ100 ሊትር 3.5 ኪሎ መሆኑ ነው። የሚለካው በቅምሻ አይደለም። ሪፍራክቶሜትር የሚባል እንደ ትንሽ መነጽር የሚታይበት መሣሪያ አለ፤ ጠብታ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ስታዩ ቁጥሩን ያሳያል። ከዝርዝሩ ውስጥ ይህን እንዳትዘሉት።

ጨው የሚቀላቀልበት ውሃስ? የቧንቧ ውሃ ክሎሪንና ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል፤ ታሽጎ የሚሸጠውም ማዕድን አለው። አርኦ የሚባለው ማጣሪያ ነው ንጹህ የሚያደርገው። ነገር ግን አንድ ሊትር ለማጣራት ሌላ ብዙ ሊትር እንደሚደፋ እወቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀላል አይደለም። የሚደፋውን በባልዲ ያዙትና ለወለል ማጽጃ አድርጉት። የጨዉ ባልዲ ግን ሳሙና ነክቶት የማያውቅ አዲስ ይሁን።

የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ሳምንት ላይ የሠራችውን ስህተትም ልንገራችሁ። «ጨዋማ ውሃ ነው» ስላሏት፣ ውሃው ሲጎድል ጨዋማ ውሃ ትጨምርበት ነበር። ልክ አይመስልም? ግን የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል። እሷ ስትጨምር ጨዉ እየበዛ ሄደ። ለጎደለው የሚጨመረው ጨው የሌለበት ንጹህ ውሃ ነው። መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉና በየቀኑ እስከዚያ ሙሉት።

እስኪቦካ መጠበቅ

አሁን ውሃው አለ፣ ይሞቃል፣ ይንቀሳቀሳል። ዓሣ እናስገባ? ገና!

ዓሣ ሲበላና ሲጸዳዳ አሞኒያ ይፈጠራል፤ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፤ እሱም ይገድላል። ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፤ ይሄ ብዙም አይጎዳም፣ ውሃ በመቀየር ይቀነሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ቀዳዳ በበዛበት የአኳሪየም ድንጋይ ላይ ነው የሚሰፍሩት። እስኪበዙ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳሉ። ሊጡ ሳይቦካ እንጀራ እንደማይጋገረው ነው። እንዲጀምሩ ትንሽ የዓሣ ምግብ ጣል ይደረግላቸዋል። መቦካቱ የሚታወቀው በመመርመሪያ ነው፦ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ። ውሃው ጥርት ማለቱ ምንም ማስረጃ አይደለም። መርዙ አይታይም።

ሊቆይ የሚችለው

ሰማያዊው መብራት! ልቤን የሰረቀው እሱ ነበር። ውዱ መብራት የሚያስፈልገው ለኮራል ነው፤ ሰውነቱ ውስጥ በብርሃን ምግብ የሚሠራ አልጌ ስላለ። ዓሣ ብቻ ካላችሁ ርካሽ ኤልኢዲ ይበቃል። ኮራሉን ለሁለተኛ ዓመት አቆዩት። በዚያ ላይ ድንጋይ ሠሪ ኮራሎች ከአገር አገር ሲሻገሩ በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ስር ናቸው። ዓሣም ቢሆን ከውጭ ከማምጣታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ፤ ሻንጣ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ስኪመር የሚባለው መሣሪያ ጥሩ ነው፤ አየርም ይጨምራል። ብር ከጠበባችሁ ግን በየሳምንቱ ከውሃው አሥር በመቶ ያህሉን እየቀየራችሁ ጥቂት ዓሣ ይዛችሁ መቆየት ትችላላችሁ። ዋጋ አልጻፍኩላችሁም፤ ምንዛሬው ዛሬ ከነገ ጋር አይገናኝም። ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም።

ዓሣውም በምርጫ ነው። ኔሞ፣ ማለትም ክላውንፊሽ፣ በሰው እጅ ተራብቶ ይሸጣል። ያንን ምረጡ፤ ከባሕር ከተያዘው ይልቅ የመስታወት ኑሮ ለምዷል። ሰማያዊዋ ዶሪ ግን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ታድጋለች፤ 100 ሊትር ለእሷ እስር ቤት ነው።

አሁን እኔ ቤት 100 ሊትር ጨዋማ ውሃ፣ ድንጋይ፣ ሁለት ማሞቂያና አንድ የሚያጉረመርም ፓምፕ አለ። ዓሣ የለም። ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ጓደኞቼ ይመጡና «ዓሣው የታለ?» ይላሉ። «ናይትራይቱ ገና ነው» እላቸዋለሁ፤ እንደ እብድ ያዩኛል።

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ መጣች። መስታወቱን አላየችም። ጎንበስ ብላ የገመዱን እጥፋት በጣቷ ነካች፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ፓወር ባንኩን አነሳችና ቁልፉን ተጫነች። ከአራቱ መብራቶች አንዱ ብቻ በራ።

«ስልክህን ቻርጅ አድርገህበታል አይደል?» አለችኝ።

አድርጌበታለሁ። አሁን ሌላ ገዝቻለሁ፤ «የዓሣ» ብዬ ጽፌበታለሁ።