ውሃው እስኪነሳ

የኤሌክትሪክ መረብ መረጋጋት ሞዴል፣ አንድ ጄነሬተር ወይም መስመር ድንገት ሲወጣ ቀሪው መረብ በቀጣዮቹ ሰከንዶች ምን እንደሚደርስበት አስቀድሞ የሚያሰላ ነው። ጄነሬተሩም፣ መስመሩም፣ ተጠቃሚውም በእኩልታ ይቀመጣሉ፤ ኮምፒውተር ይፈታቸዋል።

ጉንደ ወይን ላይ የወፍጮ ሞተር ሲነሳ አምፖል የሚደበዝዘው ቮልቴጅ ስለሚወርድ ነው፤ ያ የሰፈር ጉዳይ ነው። ፍሪኩዌንሲ ግን ሰፈር የለውም። 50 ኸርዙ ጉንደ ወይንም ድሬዳዋም ያው ነው፤ ፍጆታ ከምርት ሲበልጥ በመረቡ ያለ ጄነሬተር ሁሉ አብሮ ይዘገያል። «መብራት የጠፋው ውሃ አንሶ ነው» የሚለው ፍርድም ብዙ ጊዜ ችኩል ነው። ግድብ ሞልቶ እያለ መረብ ይወድቃል።

ለምሳሌ በድምሩ 4,000 ሜጋ ቮልት አምፔር አቅም ያላቸው ማሽኖች እየዞሩ ሳለ፣ በሕዳሴ ግድብ ካሉት ባለ 400 ሜጋ ዋት ተርባይኖች አንዱ ቢወጣ፣ የማሽኖቹም የሽክርክሪት ጉልበት ሙሉ አቅማቸውን ለ4 ሰከንድ የሚሸፍን ቢሆን፣ ፍሪኩዌንሲው በመጀመሪያው ሰከንድ 0.6 ኸርዝ ያህል ይወርዳል። ያ ጉልበት የሚሰጠው ፋታ ይኸው ነው።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የውሃ ተርባይን በሩ እንደተከፈተ ኃይል የሚጨምር ይመስላል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ከባድ ስለሆነ በቅጽበት አይፈጥንም። በሩ ሲሰፋ ያው ውሃ በሰፊ ቀዳዳ ያልፋል፣ ተርባይኑ ዘንድ ግፊቱ ይላላል፣ ኃይሉም ከመጨመሩ በፊት ይቀንሳል። ብክነትን በማይቆጥረው ስሌት፣ በሙሉ ጭነት የሚሠራ ተርባይን በሩ ድንገት 1 በመቶ ቢከፈት ኃይሉ መጀመሪያ 2 በመቶ ይወርዳል፤ 1 በመቶ የሚጨምረው ቆይቶ ነው። ስለዚህ በሩን የሚያዘው ገቨርነር ከቸኮለ መረቡን ያወዛውዘዋል፤ መጀመሪያ ታግሦ ኋላ እንዲበረታ ይስተካከላል።

ከ90 በመቶ በላይ ኤሌክትሪኳን ከውሃ ለምታገኝ ኢትዮጵያ ይህ ዝርዝር ጉዳይ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ውሃውን ከጣና ሐይቅ በረጅም ዋሻ ይወስዳል፤ ሕዳሴ ተርባይኖቹን ከግድቡ ሥር ይዟል። ሁለቱን በአንድ የውሃ ቁጥር (ውሃው ለመፍጠን በሚፈጀው ጊዜ) ማስላት፣ ሶፍትዌሩ ይዞት የመጣውን ቁጥር ሳይነኩ መተው፣ ስንፍና ነው፤ ውጤቱም በወረቀት ላይ ብቻ የጸና መረብ ነው።

ገቨርነሮቹ ካልደረሱ የፍሪኩዌንሲ ሪሌዎች የተመረጡ መስመሮችን ቆርጠው ጭነቱን ያቀላሉ። ሞዴሉም የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ቀን ነው፤ የተመዘገበው የፍሪኩዌንሲ ኩርባ ከተሰላው ጋር ይነባበራል፣ የመጀመሪያው ዝቅታ ካልገጠመም የውሃው ቁጥር ይታረማል።