የፋሲል ግቢ ጥገናና የኖራ ንግድ

የጎንደርን የፋሲል ግቢ የሚጎበኝ እንግዳ ዓይኑን የሚጥለው በግንቡ ቁመትና በሰገነቱ ውበት ላይ ነው። ግንቡ ከዓመት ዓመት ሳይፈርስ እንዲኖር የሚያደርገውን፣ ከጎብኚው ዓይን ርቆ የሚከናወነውን ሥራ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በዚህ ሥራ የግንበኛው እጅ ብቻ ሳይሆን የነጋዴውም ድርሻ ስላለበት፣ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቆሩ ወዲህ፣ ተከታዮቻቸው የሆኑት ነገሥታት በየተራቸው እያሳነጹ ግቢውን አስፋፍተውታል። ዙሪያውን የከበበው ቅጥር 900 ሜትር ያህል ርዝመትና 12 በሮች አሉት። በውስጡ ይሠራ የነበረውንም ሥራ የበሮቹ ስም ይመሰክራል፤ ወንበር በር የዳኞች፣ እምቢልታ በር የሙዚቀኞች፣ ባልደራስ በር ደግሞ የፈረሰኞች አለቃ መግቢያ ነበር። ያን ያህል ሠራዊትና ባለሟል የሚኖርበት ቤተ መንግሥት ታላቅ ሸማች ስለነበረ፣ ወደ ምፅዋና ወደ ስናር የሚመላለሱ ሲራራ ነጋዴዎች ጎንደርን መናኸሪያቸው አድርገዋት ነበር።

ዛሬ የግቢው ዋና ጠላት ውሃ ነው። በክረምት ዝናቡ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ኖራ ይበላዋል፤ ወፎች ያመጡት የዛፍ ዘርም በስንጥቁ ውስጥ በቅሎ፣ ሥሩ ድንጋዩን ከድንጋይ ይለያያል። ስለዚህ ችግኙን ገና በለጋነቱ መንቀል፣ የጣራውን ውሃ መውረጃ መጥረግና የተበላውን ኖራ መተካት በየዓመቱ የማይቀር ሥራ ነው።

ኖራ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ዕቃ ነው። የኖራ ድንጋይ በምድጃ ውስጥ እስከ 900 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ከተቃጠለ በኋላ ውሃ ሲፈስበት ይፈላል፣ ያብጣል፤ ከዚያም በጉድጓድ ተሸፍኖ ለብዙ ሳምንታት ሲቀመጥ እየለሰለሰ ይሄዳል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በግንቡ ላይ ካረፈም በኋላ የሚጠነክረው ከአየር ጋር በመዋሐድ ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ፀሐይ ፈጥኖ እንዳያደርቀው በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ይኖርበታል።

ይህን ድካም ለመሸሽ ሲሚንቶን በምትኩ መጠቀም ያስከተለው ጉዳት በፋሲል ግቢ ታይቷል። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስ፣ አንዳንዱ ክፍል በሲሚንቶና በብረት ታድሶ ነበር። ሲሚንቶ ብርቱ ቢሆንም እርጥበትን አያስተነፍስም፤ በግንቡ ውስጥ የታፈነው ውሃም በድንጋዩ በኩል መውጫ ሲፈልግ ድንጋዩን ይልጠዋል። ስለሆነም በኋላ በተደረገው ጥገና ያ ሲሚንቶ እየተነሣ በኖራ እንዲተካ ሆነ። ግቢው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በ1972 ዓ.ም. ነው።

ከግቢው ወጣ ብሎ የሚገኘው የፋሲል መዋኛም ከቀሀ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ለጥር 11 ቀን ጥምቀት ይሞላል። ለበዓሉ የሚመጣው እንግዳ የሆቴል ቤቱን፣ የሸማ ነጋዴውንና የባለ ሱቁን ሳጥን የሚሞላ በመሆኑ፣ ከውሃው መለቀቅ በፊት ቦዩንና ገንዳውን መጥረግ፣ ግድግዳውንም መመርመር ለከተማው ነጋዴ ሁሉ የሚጠቅም ሥራ ነው።

እንግዲህ ለዕቃ አቅራቢዎች የምንሰጠው ምክር ይህ ነው። ሲሚንቶ ለአዲስ ሕንፃ የተገባ ዕቃ ነው፤ ለጥንት ግንብ ግን ትክክለኛው ዕቃ ኖራ ነው። ኖራን የሚያቀርብ ነጋዴ ገንዘቡ በጉድጓድ ውስጥ ለወራት እንደሚቀመጥ አውቆ ዋጋውን በዚያው ያስላ፤ ገዢውም ርካሹን ከመምረጡ በፊት ኖራው ስንት ጊዜ እንደቆየ ይጠይቅ። ዝናቡ ሲያባራ በጥቅምት ለሚጀመር ሥራ፣ ኖራው ክረምት ሳይገባ ተዘጋጅቶ መቀመጥ ይገባዋል።