የገለጉ ልጅና የተቋረጠው መስመር

በቋራ ቆላ፣ ከአልጣሽ ዱር አጠገብ ከምትገኘው ከገለጉ ከተማ ተነሥቶ፣ ትምህርቱን በጎንደር ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፈጽሞ፣ ዛሬ በጎንደር ከተማ አንድ ክፍል ተከራይቶ ድረ ገጽ በመሥራት የሚተዳደር ወጣት ኑሮው ምን ይመስላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ መልሱን ከሚያገኘው ገንዘብ ወይም ከሚሠራበት መሣሪያ አስቀድሞ ከዕለት ዕለት ደስታዎቹ ሊፈልገው ይገባል። ደስታዎቹ ጥቃቅን ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ቀጭን የኢንተርኔት መስመር የተያዙ ናቸውና፣ ያ መስመር በተቋረጠ ቍጥር የሚጠፋው ወሬና ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የአንድ ትውልድ ሲሳይና ሐሤት መሆኑ የሚታወቀው በእነርሱ ነው።

ገለጉ የቋራ ወረዳ መቀመጫ ናት። አገሩ ሞቃት ቆላ ሆኖ ሰሊጥና ጥጥ የሚዘራበት፣ በአረምና በአጨዳ ወራት ሳሉግ የሚባለው የጉልበት ሠራተኛ ከደጋው የሚወርድበት፣ የእጣን ዛፍ የሚበቅልበት፣ በምዕራብ በኩል ከሱዳን የሚዋሰን ነው። የቋራው ካሳ ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆኖ የተነሣው ከዚህ ምድር ነው፤ በሰሜን በኩል ባለችው በመተማም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ በወደቁ ጊዜ፣ እንዲህ ያለው ታላቅ ነገር ሸዋ ደርሶ እስኪሰማ ድረስ ብዙ ቀን ፈጅቷል። በዚያው በመተማ በኩል ዛሬ የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ተሻግሯል፤ የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያም ከዓለም መረብ ጋር የምትገናኘው በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ስለሆነ፣ የሱዳኑ ገመድ የሚያልፈው በዚሁ ቆላ ነው። ዓለም አቀፉ መስመር በአባቶቹ ቆላ የሚያልፍበት ልጅ ብዙ ጊዜ ከመስመሩ ተነጥሎ መኖሩ ነው ነገሩን ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ የሚያሳዝን የሚያደርገው።

የዚህ ወጣት ቀን ከብዙው ሰው ቀን ቀድሞ ይጀምራል። በሌሊት ተጠቃሚው ሲያንስ ገጾች ፈጥነው ስለሚከፈቱ፣ ከባድ ፋይል የሚያወርደውም ሆነ የጨረሰውን ሥራ ወደ ሰርቨር የሚሰቅለው ዶሮ ሳይጮኽ ነው፤ መብራት መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅም ላፕቶፑን ቻርጅ ሞልቶ ያሳድራል። ማታ አልሠራ ብሎ ያመሸው ኮድ በማለዳ ኅሊና ሲመረመር፣ ጥፋቱ በአንዲት ነጥብ ወይም በአንዲት ቅንፍ ላይ ተገልጦ ሲገኝና ገጹ እንደታሰበው በመስኮቱ ላይ ብቅ ሲል የሚሰማውን ደስታ፣ ከሙያው ውጭ ለሆነ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ለቅኔ ቤት ሰው ግን አዲስ አይሆንበትም፤ ተማሪው ቅኔ ሲቈጥር አድሮ፣ ቃል አልገጥም ብሎ ሲያስጨንቀው ቈይቶ፣ ንጋት ላይ ቤቱ ሲመታለት የሚያገኘው ፍሥሐ ያው ራሱ ነው።

ይሁን እንጂ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቅለት በፊደል ላይ የሚያገኘውን ደስታ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ መኪና እስኪገባ ድረስ ብዙ ሰው ደክሞበታል። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣልያን ወረራ አስቀድሞ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማውጣት ሲጥሩ የገጠማቸው የሆሄያት ብዛት፣ በኋላ ለኮምፒውተርም ያው ፈተና ሆኖ ተገኝቷል፤ በአገር ውስጥና በውጭ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የየራሳቸውን ፕሮግራም ቢያወጡም፣ ፊደሉን ሁሉም በየፊናቸው ስለሰደሩት ባንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች የደከሙበት ነገር ፍሬ አፍርቶ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ ለግዕዝ ሆሄያት ለእያንዳንዳቸው ቋሚ ቍጥር በሰጠ ጊዜ፣ ከ«ሀ» ጀምሮ እስከ አራት ነጥብና እስከ ግዕዝ አኃዝ ድረስ በማንኛውም አገር፣ በማንኛውም መኪና አንድ ሆኖ የሚነበብበት መሠረት ተጣለ። የዛሬው የገለጉ ልጅ በስልኩ «ሰላም» ብሎ ጽፎ በሌላ ዓለም ሲነበብለት የሚቈመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ሥራው ግን እዚያ አላበቃም። «ዓለም» ብሎ የሚፈልግ ሰው «አለም» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ «ፀሐይ» ብሎ የሚጽፈው «ጸሃይ» ብሎ ከጻፈው ጋር በመረብ ውስጥ አይገናኝም፤ መኪናው ድምፁን አይሰማምና፣ የሚያውቀው ቍጥሩን ብቻ ነውና። ስለዚህ ትጉህ የሆነ የድረ ገጽ ሠሪ፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቈጠሩ፣ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰም፣ ዐና አም፣ ጸና ፀም እንዲሁ እንዲሆኑ የሚያዝ አጭር ሰንጠረዥ ያዘጋጃል፤ የጸሐፊውን አጻጻፍ ግን እንደነበረ ይተወዋል። ስለ ፊደል መሻሻል ከአባቶቻችን ጀምሮ ብዙ ተከራክረናል፤ ሆሄያቱ ይቀነሱ የሚለውም፣ አይነኩ የሚለውም ወገን ቀላል ምክንያት አልነበረውም። በእኔ አስተያየት ይህ በጥቂት መስመር የተጻፈ ሰንጠረዥ ለሊቁ ክብሩን ጠብቆ ለፈላጊውም መንገዱን ስለሚጠርግ፣ ከዚያ ሁሉ ክርክር የተሻለ ፍርድ ሰጥቷል።

ከፊደሉ ቀጥሎ የሚመጣው ዘመን ነው። ከውጭ የሚመጣው አብዛኛው ፕሮግራም ዓመቱን አሥራ ሁለት ወር፣ ቀኑንም ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር አድርጎ ስለሚያስብ፣ አሥራ ሦስተኛዋን ወርና ከንጋት የሚቈጠረውን ሰዓት የሚያውቅ ቀመር መጻፍ የአገሩ ልጅ ፈንታ ነው። በዚህ ጊዜ ወጣቱ ሳያስበው ወደ ቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ ወደ ባሕረ ሐሳብ፣ ይገባል። አምስት ሺህ አምስት መቶው ዘመነ ብሉይ ከዓመተ ምሕረቱ ላይ ተደምሮ ለአራት ሲካፈል አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ትርፍ ቢካፈል ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነውም በዘመነ ሉቃስ ማለቂያ ነው። ያው ድምር ለአሥራ ዘጠኝ ተካፍሎ ከሚተርፈው አንድ ሲነሣ ወንበር ይገኛል፤ ወንበሩ በአሥራ አንድ ተባዝቶ በሠላሳ ሲገደፍ አበቅቴ፣ በአሥራ ዘጠኝ ተባዝቶ በሠላሳ ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል። የ2015 ዓ.ም.ን ያስላ፤ ድምሩ 7515፣ ወንበሩ 9፣ አበቅቴው 9፣ መጥቅዑ 21 ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕም እንደ ሕጋቸው ሠላሳ ይሞላሉ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በቃላቸው ይዘው ያቈዩት ስሌት በዘመናዊው ቋንቋ ተጽፎ ጾሙንና በዓሉን ያለ ስሕተት ሲያወጣ ማየት፣ እንደ ማኅበረ ሥላሴ ያለ ጥንታዊ ገዳም ባለበት ቆላ ላደገ ልጅ ተራ ደስታ አይደለም።

ማታ ሥራው ሲያበቃ ያለው ደስታ እንደማንኛውም የከተማ ወጣት ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር የጎንደርን ፒያሳ ወጥቶ ወርዶ ቡና ይጠጣል፣ ኳስ ያያል፤ የሠራበት ገንዘብ ሲገባለትም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው በቴሌብር ለእናቱ ገለጉ ድረስ ይልካል። እናቱ ደውላ «ደረሰኝ፣ ተባረክ ልጄ» ስትለው ከቀኑ ሁሉ የምትጣፍጠው ሰዓት ያቺ ናት።

እነሆ፣ ይህ ሁሉ የተያዘበት መስመር ታሪኩ እንዲህ ነው። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገባ፤ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ተጀመረ፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ማለቂያ ድረስም፣ ማለትም ሳፋሪኮም በድሬዳዋ አገልግሎቱን እስኪጀምር ድረስ፣ አገሩ ሁሉ በአንድ ድርጅት እጅ ነበር። መቋረጡ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ሾልኮ ከወጣ በኋላ በፈተና ሰሞን መረብን መገደብ ተለመደ፤ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ባለሥልጣናት በተገደሉ ጊዜ፣ ሰኔ 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜ አገሩ በሙሉ ተቋረጠ፤ ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። የሚያስገርመው፣ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ የጸደቀው አገሩ በተቋረጠበት በዚያው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ነበር።

ቋራ ያለችበት የአማራ ክልል ተራ የደረሰው በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ ከካርቱምና ከሌላውም ስፍራ የሸሸ ሕዝብ በመተማ ዮሐንስ በኩል እየገባ፣ የተለየውን ቤተሰብ በስልክና በመረብ ሲያፈላልግ ሰንብቷል፤ አራት ወር ሳይሞላ በሐምሌ መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ መረቡ በዚህ ወገን ተዘጋ። ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን ስድስት ሆና ስትወጣ፣ የቀን መቍጠሪያ ገጽ ያዘጋጀ የክልሉ ልጅ በስልኩ ከፍቶ ሊያያት አልቻለም። ቋሚ መስመር የነበረበት መሥሪያ ቤትና ሆቴል ጥቂት ሰዎችን አስጠልሏል፤ የቀረው ላፕቶፑን ዘግቶ ተቀመጠ፣ አቅም ያለው ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በውጭ አገር ያለ ደንበኛ ሥራው በቀጠሮው ካልደረሰው ሌላ ሠሪ ይፈልጋል፤ ሥራው የተቋረጠው በመረቡ መዘጋት ይሁን በስንፍና የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ለብዙ ጊዜ ተደክሞበት የተገኘ መታመንም በጥቂት ሳምንት ይጠፋል። ወደ አንድ ዓመት ከተጠጋ ጊዜ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በአንዳንድ ከተሞች የሞባይል መረብ ሲመለስ፣ የገለጉ ልጅ ግን ከመጀመሪያው ነበር የጀመረው።

መንግሥት ለዚህ የሚሰጠውን ምክንያት አቃልለን አናልፈውም። በመረብ የሚሰራጭ የጥላቻ ቃል ደም እንዳፋሰሰ፣ የፈተና ስርቆትም የትጉሁን ተማሪ ድካም ከንቱ እንዳደረገ እናውቃለን፤ የሕዝብ ደኅንነት የሚጠበቅበት ሰዓት እንዳለም አንክድም። ዳሩ ግን በደለኛውን ከንጹሑ ሳይለይ የአንድ ክልል ሕዝብ ሁሉ ለወራት እንዲዘጋ ማድረግ ጥበቃ ነው ብሎ ማመን ለእኔ ከባድ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ወሰን ሳይለየው በመረጠው መንገድ መረጃ የመሻት፣ የመቀበልና የማሰራጨት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ገደብ የሚጣል ከሆነም ምክንያቱና ልኩ በግልጽ ሊታወቅ ይገባል። ማን አዘዘ፣ እስከ መቼ ነው፣ ሐኪም ቤቱ፣ ባንኩና ትምህርት ቤቱ ለምን ተጨመሩ ለሚለው ጥያቄ በይፋ መልስ መስጠት የአስተዳደር ግዴታ እንጂ ችሮታ አይደለም።

ጉዳቱም በኮምፒውተር ፊት በሚቀመጠው ወጣት ላይ ብቻ አይቀርም። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመተማ መጋዘን አለው፤ የቆላው ሰሊጥ ወደዚያ ሲገባ ዋጋው የሚወሰነው ርቆ ባለ የግብይት ቤት ነው፤ ዋጋውን የማያውቅ ገበሬ ደግሞ ነጋዴ በነገረው ይሸጣል። አባትየው በሰሊጡ ዋጋ፣ ልጁ በድረ ገጹ የሚጎዱት በአንድ መስመር መቋረጥ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ የክልሉ ከተሞች መረብ ማየት በጀመሩበት በዚያው ወር ገደማ፣ መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመሆን የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮችን ሥልጠና ጀመረ፤ ከትምህርቶቹም አንዱ የዌብ ፕሮግራሚንግ ነው። መልካም ሐሳብ ነው፤ ከልቤም ደስ ብሎኛል። ትምህርቱ የሚሰጠው ግን በመረብ ነውና፣ አሠልጣኙ መሥሪያ ቤት ከኢትዮ ቴሌኮምና ከክልሉ ጋር ተቀምጦ፣ ገለጉን፣ ገንዳ ውኃን፣ መተማ ዮሐንስንና ሌሎቹን የቆላ ከተሞች በስማቸው ጠርቶ፣ በየትኛው ከተማ መስመሩ በምን ያህል ጥራት እንደሚሠራና በየትኛው እንደማይሠራ በየወሩ ለሕዝብ ያውጣ፤ መስመር ለሌለው ተማሪም በወረዳው ትምህርት ቤት ቋሚ መስመር የገባለት አንድ ክፍል ይስጠው።