ፊልትሮው ሲያንጠባጥብ፦ ከጎባ እስከ ሳነቴ

ባሌ ውስጥ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄድ መኪና 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከተማ ተነስቶ 4,000 ሜትር የሚደርሰውን የሳነቴን አምባ ይወጣል፤ ከዚያ ደግሞ በሐረና ደን በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል። በአፍሪካ መኪና ከሚሄድባቸው ከፍተኛ መንገዶች አንዱ ነው። በዚህ ዳገት ከሚመላለሱት መካከል ዕድሜ የጠገቡ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች አሉ። የእነዚህ ሞተር ኮምፒውተር አያዘውም፤ ንጹሕ ናፍጣና አየር ያልገባበት መስመር ካገኘ ይበቃዋል። ናፍጣውም መስመሩም የሚያልፉት ኮፈኑ ሲከፈት ከሞተሩ ጎን ተንጠልጥሎ በሚታየው፣ ጣሳ በሚያህለው ፊልትሮ ነው። ፊልትሮው ማንጠባጠብ ሲጀምር ባለመኪናው የሚያሰላው የፈሰሰውን ናፍጣ ነው። መቆጠር ያለበት ግን የገባው አየር ይመስለኛል።

ምክንያቱ የፖምፓው ቦታ ነው። ከነዚህ ላንድክሩዘሮች በብዙዎቹ ናፍጣን ከታንከር የሚስበው ክፍል ያለው ከፊልትሮው በኋላ፣ እዚያው ዋናው የናፍጣ ፖምፓ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲሠራ ፊልትሮው የሚሳብ እንጂ የሚገፋ ናፍጣ አያገኝም፤ በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የሚያንጠባጥበው ስንጥቅ ሞተሩ ሲነሳ አየር ይምጋል። ሞተሩ እየሠራ ፊልትሮው ደረቅ ስለሆነ ብቻ «ቆሟል» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው። ሌሊቱን የሆነውንም የመኪናው አቋቋም ይናገራል። አፍንጫው ወደ ቁልቁለት ዞሮ ካደረና ታንከሩ ሙሉ ከሆነ ጠዋት መሬቱ ርሶ ይገኛል፤ ወደ ዳገት ዞሮ ካደረ ግን ጠብታ የለም፤ ናፍጣው ወደ ታንከሩ ተመልሶ መስመሩ በአየር ተሞልቷል፤ ሞተሪኖው ባትሪውን እስኪጨርስ ቢዞር ሞተሩ ቶሎ አይነሳም። ናፍጣው በሌላ ትንሽ ፖምፓ ተገፍቶ ወደ ፊልትሮው በሚገባባቸው የጭነት መኪኖች ነገሩ ይገለበጣል፦ ሞተሩ እየሠራ ይረጫል፣ አየር ግን ብዙም አይገባም። መኪናው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይለዩ ጠብታን ብቻ አይቶ መፍረድ አያዋጣም።

ከፍታው ችግሩን ያጎላዋል። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ከጎባ አጠገብ ባለችው ሮቤ ላይ ትንሽ የነበረው የአየር አረፋ ሳነቴ ላይ ያብጣል። ብርዱም አለ፤ የአምባው ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ያረጀ ጎሚኒ ደግሞ ሲበርደው ደርቆ ይኮማተራል። እኩለ ቀን ላይ ሮቤ ጋራዥ ውስጥ ተፈትሾ ደህና የተባለ ፊልትሮ ንጋት ላይ ቢያፈስ መካኒኩ ዋሽቷል ማለት አይደለም። «ሳነቴ ላይ ጉልበት የማያጣ መኪና የታለ? ከፍታው ነው» የሚል ሾፌርም ሐቅ አለው፤ አየሩ ሲሳሳ ማንኛውም ሞተር ይደክማል። ልዩነቱ ያለው በአደካከሙ ላይ ነው። ከፍታ የሚያደክመው ሞተር በእኩል ይደክማል፣ ጭሱም ይጠቁራል። አየር የገባበት ግን ይንገጫገጫል፣ ይጠፋ ይመስልና እንደገና ይነሳል።

ጥገናው ፊልትሮውን ከመቀየር በፊት ማየትን ይጠይቃል። ዙሪያውን በጨርቅ አድርቆ፣ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠጥር መግፋት፣ ከዚያ ነጭ ሶፍት እየነኩ የሚርሰውን ቦታ መፈለግ ነው። ከላይ ከራሰ ያረጀው የእጅ ፓምፑ ራሱ ነው፤ ይህ በአሮጌ ቶዮታዎች የተለመደ ስለሆነ አዲስ ፊልትሮ ማሰር ምንም አይፈይድም። ከሥር ከሆነ ውሃ ማስወጫው ነው፤ በርሜል ውስጥ የቆየ ናፍጣ የሚቀዱ የሲናናና የአጋርፋ ትራክተሮችና ኮምባይነሮች ውሃው ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣላቸው ይህ ክፍል ቀድሞ ያልቃል። ከመጋጠሚያው ከሆነ ጎሚኒው ነው። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ፦ አሮጌው ጎሚኒ ከላይኛው ክፍል ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይታሰራል፤ ሁለት ጎሚኒ ደግሞ አንዱን ያህል እንኳ አይዘጋም። መቀመጫውን በጣት ዳብሶ ማጽዳት፣ አዲሱን ጎሚኒ በንጹሕ ናፍጣ ማርጠብ፣ በእጅ አዙሮ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ማጥበቅ ይበቃል። በመፍቻ የሚጠብቅ ጎሚኒ ይጨፈለቃል፣ በሚቀጥለው ለውጥም አይፈታም።

መንገድ ላይ ሳሙና የሚለጥፍን ሰው አልነቅፍም፤ ከታንከር የሚወጣ ናፍጣን ለጊዜው ያቆማል። በሚስብ ፊልትሮ ላይ ግን የተለጠፈው ነገር ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል፤ መጋጠሚያ ውስጥ የተቀባ ሲሊኮን ፍርፋሪው ፖምፓውና ኢንጀክተሩ ጋ ከደረሰ ከብዙ ፊልትሮ በላይ ያስወጣል። «ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይነድም» የሚለውም በከፊል እውነት ነው፤ በክብሪት ቶሎ አይያዝም፣ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ሲረጭ ግን ሊቀጣጠል ይችላል። ሁሉም ተለውጦ ጠዋት ጠዋት አሁንም ካስቸገረ በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ የላስቲክ ቱቦ ለጊዜው ገጥሞ ሞተሩን ማስነሳት ነው። አረፋ ከታየ ምንጩ ከፊልትሮው በፊት፣ ከታንከር በሚመጣው ቱቦና በማሰሪያዎቹ ላይ ይፈለጋል።